ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ትንፋሽን ማስመለስ፦ መነጽሩ የሚጠይቀው የቱን ትንፋሽ ነው?

ሆዳቸው ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ከማደንዘዣው ሲነቁ የሚጠብቁት የቁስሉን ሕመም ነው። ስለ ሕመሙ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል፤ ማስታገሻም ተዘጋጅቶላቸዋል። ብዙዎቹን የሚያስደነግጣቸው ግን ሙሉ ትንፋሽ መሳብ አለመቻላቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሳያስቡበት ሲያደርጉት የኖሩት ነገር በአንድ ሌሊት የሚታሰብበትና የሚፈራ ይሆናል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ከሥራዬ ትልቁ ክፍል በእነዚህ ሰዎች አልጋ አጠገብ ቆሞ «አሁን ደግሞ በረጅሙ ይሳቡ» ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደዚህ ሥራ አዲስ መሣሪያ እየገባ ነው፤ እሱም ታካሚው ዓይኑ ላይ አጥልቆት ከአልጋው ሳይነሣ ሌላ ቦታ ያለ እስኪመስለው ድረስ ዙሪያውን የሚለውጥለት የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ነው። ስለ መሣሪያው ሲወራ የምሰማው በአብዛኛው ስለ ምስሉ ውበትና ሕመምን ስለ ማስረሳቱ ነው። እኔን ግን ከምስሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መነጽሩ ከታካሚው የሚጠይቀው ትንፋሽ የቱ እንደሆነ ነው፤ ይህን ለማስረዳት ደግሞ መጀመሪያ ሆድ ሲቀደድ ሳንባ ለምን እንደሚጎዳ መናገር ያስፈልጋል።

ሳንባ በራሱ ጡንቻ የለውም። የሚለጠጠው በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ሲስቡት ነው፤ ከእነዚህም ዋነኛው ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ነው። በሆድ የላይኛው ክፍል ላይ፣ ማለትም በጉበት፣ በጨጓራ፣ በጣፊያ ወይም በቆሽት አካባቢ፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ቢላዋ ድያፍራሙን ባይነካውም እንኳ ጡንቻው ሥራውን ይቀንሳል። ብዙ ሰው ይህ የሚሆነው በሕመም ምክንያት ብቻ ይመስለዋል። ሕመም ድርሻ አለው፤ ነገር ግን የሆድ ዕቃ ሲነካካ የሚነሣው የነርቭ ምላሽ ወደ ድያፍራም የሚሄደውን ትእዛዝ ያዳክመዋል፤ ስለዚህ ሕመሙ በማስታገሻ በደንብ ከተገታ በኋላም ድያፍራሙ ወዲያው አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስቦ ሊያስወጣው የሚችለው አየር ከቀድሞው ወደ ግማሽ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከእምብርት በታች በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ጉዳቱ ያንሳል። ወደ ነበረበት ለመመለስ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

በዚህ ላይ የአተነፋፈሱ ሥርዓት ራሱ ይለወጣል። ጤነኛ ሰው ሳያውቀው በየሰዓቱ ወደ 10 ጊዜ ያህል ከሌሎቹ ትንፋሾች በእጥፍ የሚበልጥ ረጅም ትንፋሽ ይስባል። እነዚህ ትንፋሾች ከሐዘን ወይም ከድካም የመጡ ሳይሆኑ በሳንባ ጥግ የተኙትን የአየር ከረጢቶች በየጊዜው የሚከፍቱ ናቸው። ሆዱ የተሰፋ ሰው ግን አጭርና ፈጣን ትንፋሽ ይተነፍሳል፤ ለሕመሙ የሚሰጡት የሞርፊን ዓይነት መድኃኒቶችም እነዚያን ረጃጅም ትንፋሾች ያጠፏቸዋል። በጀርባው ተንጋሎ ሲተኛ ደግሞ የሆድ ዕቃው ድያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋውና የሳንባው ታችኛ ክፍል ይጨፈለቃል። ለነገሩ ጉዳቱ የሚጀምረው ገና በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሙሉ ማደንዘዣ ከሚወስዱ ሰዎች መካከል በ90 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ከሳንባቸው የተወሰነው ክፍል እንደሚጨማደድ ይታወቃል። በጤነኛ ሰው ላይ ይህ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይስተካከላል፤ ሆዱ በተከፈተ ሰው ላይ ግን ለቀናት ይቆያል። ውስጡ እርጥብ የሆነ ፊኛ ግድግዳው አንዴ ከተጣበቀ ለመክፈት የመጀመሪያው እፍታ ብዙ ኃይል እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የተጨማደደ የሳንባ ክፍልም በአጭር ትንፋሽ አይከፈትም። ያልተከፈተው ክፍል አክታ ያጠራቅማል፤ አክታውን የሚያወጣው ሳል ደግሞ አስቀድሞ ሙሉ ትንፋሽ መሳብን፣ ቀጥሎም አሁን የተሰፉትን የሆድ ጡንቻዎች አጥብቆ መኮማተርን ይጠይቃል። የሳንባ ምች የሚገባው በዚህ በር ነው።

ይህ ግንዛቤ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ፓስተር በ1910 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባ እንደሚጨማደድ ገልጾ፣ ምክንያቱ አየር የመሳብ ኃይል ማነስ መሆኑን አመልክቷል። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ሕክምናው የተጓዘበት መንገድ ነው። ለበርካታ ዓመታት ታካሚዎች ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ በቱቦ እፍ እንዲሉ፣ ማለትም አየር በኃይል እንዲያስወጡ ሲታዘዙ ቆዩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ባርትሌት የተባለው አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ባልደረቦቹ ሳንባን የሚከፍተው ማስወጣቱ ሳይሆን በዝግታና በጥልቀት መሳቡ መሆኑን አጥብቀው ተከራከሩ፤ ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናውቀው የመሳቢያ ስፓይሮሜትርም ከዚያ ሥራ ወጣ። ታካሚው በቱቦው አየር ሲስብ በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ኳስ ወይም ፒስተን ወደ ላይ ይወጣል፤ ታካሚውም የሳበውን ያህል በዓይኑ ያያል።

ስፓይሮሜትሩ ቀላል፣ ርካሽና ብልህ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2014 ያወጣው ግምገማ በላይኛው የሆድ ክፍል ላይ ቀዶ ሕክምና ስለ ተደረገላቸው ሰዎች የተሠሩ 12 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 1,834 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ መሣሪያው የሳንባ ችግርን እንደሚከላከል የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘም፤ ጥናቶቹም ጥራታቸው ዝቅተኛ እንደነበር ገልጿል። ይህን ውጤት ሳነብ ብዙ አልተገረምኩም። ከሰዓት በኋላ በክፍሎቹ ስዞር ስፓይሮሜትሮቹን የማያቸው በአልጋ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ፣ ታካሚው እጁን ቢዘረጋ ስፌቱ ሳይጎተት በማይደርስበት ቦታ ተቀምጠው ነው። በየሰዓቱ 10 ጊዜ እንዲስብ የታዘዘ ሰው ባለሙያው አጠገቡ ሲቆም ይስባል፤ ባለሙያው ሲሄድ ይተወዋል። በዚህ ታካሚውን አልወቅሰውም። እያንዳንዱ ትንፋሽ ያመዋል፤ ስፌቱ የሚፈታ ይመስለዋል፤ ጥቅሙ ደግሞ ወዲያው አይታየውም። የሳንባ ምች አለመያዝ የሚሰማ ነገር አይደለም።

መነጽሩ ተስፋ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ሆኖ የተሠራ ፕሮግራም ትንፋሹን የሚታይና የሚያጓጓ ነገር ያደርገዋል። ከሞከርኳቸው መካከል የወደድኩት አንዱ ታካሚውን ጸጥ ባለ ሐይቅ ዳር ያስቀምጠዋል፤ ትንፋሽ ሲስብ ከውኃው ላይ አንዲት ወፍ ክንፏን ዘርግታ ትነሣለች፣ ትንፋሹን እስከያዘው ድረስ ከላይ ትንሳፈፋለች፣ ሲያስወጣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። አንድ በዕድሜ የገፉ ታካሚ ሦስት አራት ጊዜ ከሳቡ በኋላ መነጽሩን ሳያወልቁ «ልጄ፣ የደከማት እሷ ናት ወይስ እኔ?» ብለው ጠየቁኝ። «እርስዎ ይረፉ፣ እሷም ታርፋለች» አልኳቸው። ስቀው ሊጨርሱ ሲሉ ሳቁ ሆዳቸውን ያዛቸው። ሆኖም በጠዋቱ ልምምድ በግድ ያደረጉትን ያህል ትንፋሽ ያለ ክርክር ነበር የሳቡት።

በመነጽሩና በሕመም መካከል ስላለው ግንኙነት በብዛት የሚጠቀሰው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በእሳት በተቃጠሉ ሰዎች ላይ የሠሩት ሥራ ነው። ቁስላቸው ሲታጠብና ፋሻ ሲቀየርላቸው በረዷማ ምስል ውስጥ የገቡ ታካሚዎች ሕመሙ ቀንሶ ተሰማቸው፤ የሰው ትኩረት ውስን ስለሆነ በምስሉ የተያዘው ያህል ለሕመሙ አይተርፍም። ይህን ሥራ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን እንዳለ ወደ እኛ ክፍል ሲዛወር አንድ ነገር የተዘነጋ ይመስለኛል። ቁስሉ የሚታጠብለት ሰው ሌላው ሰው ሥራውን እስኪጨርስ መታገሥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ አእምሮው ከሰውነቱ ቢርቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ሆዱ የተሰፋው ሰው ግን የሚያመውን ነገር ራሱ ማድረግ አለበት። ከሰውነቱ ሙሉ በሙሉ የሚያርቀው ምስል ሕመሙን ቢያስረሳውም ትንፋሹንም ያስረሳዋል፤ በሚያምር ጫካ ውስጥ ተመስጦ አጭር አጭር መተንፈሱን የሚቀጥል ሰው አይቻለሁ። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ትኩረቱን ከስፌቱ አንሥቶ ጎድኑ ላይ የሚያሳርፍለትን ፕሮግራም ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን በገበያ ላይ ካሉት የመተንፈሻ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የተሠሩት ለመረጋጋት መሆኑ ነው። በደቂቃ ወደ 6 ትንፋሽ ያዘገማሉ፣ ማስወጣቱን ያስረዝማሉ፣ መሳቡን ግን በልኩ ይተዉታል። ለተጨነቀ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ለተጨማደደ ሳንባ ግን የሚያስፈልገው ዝግ ያለና እስከ ጫፍ የሚደርስ መሳብ፣ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ትንፋሹን መያዝ ነው፤ ዘግይተው የሚከፈቱት ከረጢቶች የሚሞሉት በዚህ የመያዣ ጊዜ ነውና። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኅዳር 2021 ለሥር የሰደደ የወገብ ሕመም በፈቀደው የቨርቹዋል ሪያሊቲ ሥርዓት ላይ የታካሚውን ትንፋሽ ወደ መነጽሩ ማይክሮፎን የሚመራ ተቀጥላ ነበረበት። ለታለመለት ዓላማ ብልህ መፍትሔ ነው፤ ዓላማው ግን የእኛ አይደለም። ማይክሮፎን በደንብ የሚሰማው አየር ሲወጣ ነው። በቀስታ የሚሳብ ትንፋሽ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው በቀስታ የሚሳበውን ነው። በዚህ መሣሪያ የምንሠራ ከሆነ ያንን የውኃ ጠርሙስ በኤሌክትሮኒክስ አስጊጠን መልሰን አመጣነው ማለት ነው።

ሌሎቹ የመለኪያ መንገዶችም ለሆድ ታካሚ ሲመጡ ችግር አላቸው። አንዳንዱ ፕሮግራም የእጅ መቆጣጠሪያውን ሆድ ላይ አስቀምጦ መነሣትና መውረዱን ይቆጥራል፤ ይህ አዲስ ስፌት ባለበት ሆድ ላይ የማይታሰብ ነው። ቀበቶ የሚያስሩት የተሻሉ ናቸው፣ ቀበቶው በታችኛው ጎድን ላይ ከዋለ። ይሁንና ቀበቶ የሚለካው እንቅስቃሴን እንጂ አየርን አይደለም፤ ትከሻውንና ጀርባውን ወጠር የሚያደርግ ሰው ብዙ አየር ሳይስብ ወፏን ሊያስነሣት ይችላል። በእኔ አስተያየት ለዚህ ሥራ የሚመጥነው በአፍ በሚያዝ ቱቦ የሚሳበውን አየር መጠን በቀጥታ ለክቶ ወደ ምስሉ የሚያስተላልፍ ነው፤ በሌላ አነጋገር ስፓይሮሜትሩ ሳይቀር መነጽሩ ሲጨመርበት ነው። ፕሮግራሙ በትንፋሾቹ መካከል ማረፍንም ማስገደድ አለበት። ፍጥነትን የሚሸልም ጨዋታ ታካሚውን ከመጠን በላይ ያስተነፍሰዋል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ሲወርድ ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል፣ እሱም መነጽሩ እንዳሳመመው ያስባል።

መነጽሩ በራሱም የሚያሳምማቸው አሉ። ዓይን እንቅስቃሴ እያየ የውስጥ ጆሮ እንዳልተንቀሳቀስን ሲናገር ማቅለሽለሽ ይመጣል። ከላይ በጠቀስኩት የ2021 ፈቃድ ላይ 9.7 በመቶ ተሳታፊዎች ማቅለሽለሽና የእንቅስቃሴ ሕመም፣ 20.8 በመቶ ደግሞ የመነጽሩ አለመመቸት እንደገጠማቸው ተገልጿል። እነዚያ ግን ቤታቸው የተቀመጡ፣ ከቀዶ ሕክምና ያልተነሡ ሰዎች ነበሩ። ከማደንዘዣ በኋላ ከሦስት ታካሚ አንዱ ገደማ ያለ ምንም መነጽር ያቅለሸልሸዋል ወይም ያስታውከዋል፤ ይህን ከሚያባብሱት መካከል የታወቁት ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ለሕመም የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት መውሰድ፣ እንዲሁም ቀድሞ በጉዞ የማቅለሽለሽ ልማድ ያለው መሆን ናቸው። የመጨረሻውን ልብ ይሏል፦ መኪና የሚያቅለሸልሸው ሰው ማደንዘዣውም ያቅለሸልሸዋል፣ መነጽሩም ያቅለሸልሸዋል። አዲስ ስፌት ባለበት ሆድ ማስታወክ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ሰው በዚህ አይቀልድም። ስለዚህ ተመልካቹን በአየር ላይ የሚያበር፣ በጀልባ የሚያንሸራሽር ወይም ካሜራው በራሱ የሚንቀሳቀስበትን ፕሮግራም ምንም ቢያምር አልቀበልም። ወንበሩም አድማሱም ጸንተው ይቁሙ፤ የሚንቀሳቀሰው ወፏ ብቻ ትሁን።

የቀሩት ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ልምምዱን እንዳለ ያበላሹታል። መነጽሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ትራስ ላይ ያልተደገፈ የደከመ አንገት ለረጅም ጊዜ አይችለውም። በአፍንጫ የገባ የጨጓራ ቱቦና የኦክስጅን ቱቦ ከመነጽሩ በታች ሳይጫኑ ማለፍ አለባቸው፤ ፊት ላይ የሚያርፈው ክፍልም በእያንዳንዱ ታካሚ መካከል መጽዳት ወይም መቀየር ይኖርበታል። የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምና በኋላ አእምሮው የተደናገረበትን አረጋዊ መነጽር አላስጠልቅም፤ ቀኑንና ቦታውን ለማወቅ የሚታገልን ሰው ወደ ሌለ ሐይቅ መውሰድ ጭካኔ ነው። ብዙ የማይወራለት ደግሞ መነጽር ያጠለቀ ሰው ማየት አለመቻሉ ነው። ማን ወደ ክፍሉ እንደገባ፣ ማን እጁን እንደዘረጋ አያውቅም። ሳይናገሩ ፋሻውን ቢነኩት በድንጋጤ ሆዱን ይወጥራል፤ ስለዚህ ከአጠገቡ ያለ ሰው ሁሉ «አሁን እጄን ትከሻዎ ላይ ላደርግ ነው» እያለ እንዲሠራ እናሳስባለን። ትራሱንም መነጽሩ ሳይጠልቅ በፊት በእጁ አስይዘዋለሁ፤ ሳል በመጣበት ቅጽበት ቁስሉ ላይ አቅፎ እንዲይዘው።

መነጽሩ ከሁሉ በላይ ሊጠቅም የሚችለው ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይመስለኛል፤ በዚህ ረገድ ያለው ማስረጃም ከሌላው ይልቅ ያሳምነኛል። በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 441 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከላይኛው ሆድ ቀዶ ሕክምና በፊት ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር የ30 ደቂቃ አንድ ትምህርትና ልምምድ ብቻ ማግኘት የሳንባን ችግር ከ27 በመቶ ወደ 12 በመቶ እንዳወረደ አሳይቷል። በዚያ ጥናት መነጽር አልነበረም፤ የነበረው ሰው ለሰው የተነገረ ማብራሪያና ልምምድ ነው። ታካሚው ሳንባው ለምን እንደሚጨማደድ ገባው፤ ከማደንዘዣው ሲነቃ ወዲያው መተንፈስ እንዳለበት አወቀ፤ ማንንም ሳይጠብቅ ጀመረ። አሁን በዚያ ግማሽ ሰዓት ላይ መነጽሩን እናስብ። ሰውዬው ገና አልተቀደደም፣ አያቅለሸልሸውም፣ አእምሮው በመድኃኒት አልደነዘዘም። ወፏን እስከ የት ማድረስ እንደሚችል በጤናው ይለካል፤ ያ መጠን ይመዘገባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጠው ግብ ከአንድ ሠንጠረዥ የተወሰደ ቁጥር ሳይሆን የራሱ መጠን ክፍልፋይ ይሆናል፣ በየቀኑም ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ቀን የቀድሞውን ሲሶ ብቻ ሲስብ ወፏ እንድትነሣለት የተደረገ ታካሚ ልቡ አይሰበርም፤ በቀድሞው ልክ የተለካበት ግን ከሁለት ሙከራ በኋላ ቱቦውን ያስቀምጠዋል። ይህን ማስተካከያ የማይፈቅድ ፕሮግራም ሲያመጡልኝ ምስሉን እንኳ ሳላይ እመልሰዋለሁ።

መነጽሩን ለረጅም ጊዜ አላስጠልቅም፤ ማቅለሽለሹ አንዱ ምክንያት ቢሆንም ዋናው ግን እሱ አይደለም። ሰው ከተኛበት ተነሥቶ ሲቀመጥና ሲቆም የሆድ ዕቃው ከድያፍራሙ ሥር ወደ ታች ይወርዳል፤ በመነሣቱ ብቻ ሳንባው የሚይዘው አየር ይጨምራል። ሲራመድ ደግሞ ሰውነቱ ራሱ ጥልቅ ትንፋሽ ይጠይቃል። መነጽር አጥልቆ በሆስፒታል ኮሪደር መራመድ አይቻልም። ሐይቁ የሚያስደስት ሲሆን ታካሚው አልጋው ላይ መቆየቱን ይወዳል፤ አስታማሚዎቹም ልምምዱን ስለሠራ በቃው ይላሉ። ስለዚህ እኔ ዘንድ መነጽሩ የሚመጣው ከመነሣት በፊት ነው፦ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ጥቂት ዙር ይስባል፣ ይይዛል፣ ያርፋል፤ ትራሱን አቅፎ ያስላል፤ መነጽሩ ይወልቃል፤ እግሩ ወደ ወለል ይወርዳል።

አሁን አብረውኝ ከሚሠሩት ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ ታካሚው ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። ብዙዎቹ ከሆስፒታል የሚወጡት ድያፍራማቸው ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ «ይሳቡ» የሚል ሰው የለም። አንዱ ባልደረባዬ መነጽሩን አብረን ብንልከው መሣሪያው በቀን ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደሳበ እየመዘገበ ይልክልናል ይላል። እኔ የምጠይቀው ያንን መዝገብ ቅዳሜ ሌሊት የሚያነበው ማን እንደሆነ ነው። የትንፋሹ መጠን ከትናንት ይልቅ ዛሬ ከወረደ፣ ትኩሳትም ከጨመረበት፣ ይህ የሳንባ ምች መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን የሚያይና ስልክ የሚደውል ሰው ሳይመደብ መነጽሩን ብቻ መላክ ታካሚው እየታየ እንደሆነ እንዲያምን ማድረግ ነው። ሰው እስኪመደብ ድረስ ስፓይሮሜትሩን፣ የአደጋ ምልክቶቹ የተጻፉበትን ወረቀትና የሚደወልበትን ቁጥር እየሰጠን እንሸኛቸዋለን፤ መነጽሩ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።